የገዳሪፍ ላሎብ፤ ስለ ፍሬው መድኃኒትነትና ስለ ጥላው አደጋ

ከአሥመራ ተነሥቶ በከረን፣ በአቆርዳትና በተሰነይ አድርጎ ከሰላ የደረሰ መንገደኛ፣ ከዚያ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ገዳሪፍ ይገባል። አገሩ ዐይን እስኪደክም ድረስ ሜዳ ነው። ምድሩ በክረምት እግር የሚይዝ፣ በበጋ ደግሞ እጅ እስኪያስገባ ድረስ የሚሰነጠቅ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ሀብቱም ማሽላና ሰሊጥ ነው። ከተማው ቀድሞ ሱቅ አቡ ሲን ይባል ነበር፤ የሹክሪያ ጐሣ አለቆች የነበሩት የአቡ ሲን ቤተ ሰብ ገበያ ማለት ነው። ዛሬም ቢሆን ከሁሉ በፊት ገበያ ነው። በዚህ ገበያ ከሰሊጡና ከማሽላው ጆንያ ጐን ከተምር ጥቂት ያነሰ፣ ቅርፊቱ ቀጭንና ተሰባሪ የሆነ ቢጫ ፍሬ በጣሳ እየተሰፈረ ሲሸጥ ይታያል። ልጆች እንደ ከረሜላ ይመጡታል። አረጋውያን ሆዳቸው ሲደርቅ ይገዙታል። እናቶች ሌሊት በውሃ ዘፍዝፈው ጧት ውሃውን ለቤተ ሰቡ ያጠጣሉ። የፍሬው ስም ላሎብ ነው።

ስለ ላሎብ የሚነገረው ብዙ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን የተነገረውን ሁሉ መድገም አይደለም። መርማሪዎች ፈትነው ያገኙትን ከገበያ ወሬ ለይቶ ማቅረብ፣ ይልቁንም በየዓመቱ ከደጋው ወርዶ በመተማና በሑመራ በኩል ወደ ሰሊጡ አገር ለሚወርደው ወዛደር አንድ አስፈላጊ ነገር ማስታወቅ ነው። የላሎብ ፍሬ የሚያድነው በሽታ አለ፤ የላሎብ ዛፍ በበቀለበት ሜዳ ላይ የሚይዝ፣ ፍሬው ግን ፈጽሞ የማያድነው ሌላ በሽታም አለ። ሁለቱም ሆድን በማስነፋት ሊመሳሰሉ ስለሚችሉ እነርሱን መለየት የሕይወት ጉዳይ ሆኗል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በትርጕም ሥራ ለኖረ ሰው የዛፍን ስም ያህል የሚያስቸግር ነገር የለም። አንዱ ዛፍ በየወንዙ ማዶ ሌላ ስም ይይዛል፤ አንዱ ስም ደግሞ በየአውራጃው ለሌላ ዛፍ ይሰጣል። ይህን ዛፍ የሱዳን ዓረቦች ሂጅሊጅ ይሉታል፤ ላሎብ የሚሉት ፍሬውን ብቻ ነው። በእኛ በኩል ግን በልማድ ላሎብ የሚለው ስም ለዛፉም ለፍሬውም ሆኖ ያገለግላል። በአማርኛ በደኖ ይባላል፤ በትግርኛ መቅዕ ይባላል። አውሮፓውያን የበረሃ ተምር ብለውታል፤ ነገር ግን ከተምር ጋራ ምንም ዝምድና የለውም፤ ያመሳሰለው ጣዕሙና መልኩ ነው።

በአውሮፓ መጽሐፍ ከጻፉት ሐኪሞች ይህን ዛፍ አስቀድመው ካስታወቁት አንዱ በግብፅ የተቀመጡት የቬኔቶ ሰው ፕሮስፔሮ አልፒኒ ናቸው። በ1592 ዓ.ም. በቬኔሲያ ባሳተሙት የግብፅ ዕፀዋት መጽሐፍ ውስጥ አጊሃሊድ ብለው ጠሩት። ቃሉን ጮክ ብሎ ላነበበው ሂጅሊጅ የሚለው ዓረብኛ በኢጣሊያዊ አንደበት ተጣምሞ የወጣ ይመስላል። ዛሬ በሊቃውንት ዘንድ የሚጠራበትን ባላኒቴስ የሚለውን ስም የሰጡት ከናፖሌዎን ቦናፓርት ዘመቻ ጋራ ወደ ግብፅ የዘለቁት ፈረንሳዊ ሊቅ ደሊል ናቸው። ባላኖስ በጽርዕ ቋንቋ የባሉጥ ዛፍ ፍሬ ማለት ነው። ከእነርሱ ሁሉ በፊት ግን የጥንት ግብፃውያን ያውቁት ነበር፤ ከዐሥራ ሁለተኛው ሥርወ መንግሥት ጀምሮ ባሉ መቃብሮች ውስጥ ከሙታን ጋራ የተቀመጡ የላሎብ ፍሬዎች ተገኝተዋል። በቅርብ ጊዜ ደግሞ የዛፉ ስም በዓለም ጋዜጦች ሁሉ ወጥቷል፤ ይህም በ2012 ዓ.ም. ሱዳንና ደቡብ ሱዳን በነዳጅ ዘይት መሬት ምክንያት በተዋጉ ጊዜ ነው። ቦታውን ሰሜናውያን ሄግሊግ፣ ዲንካዎች ፓንቱ ይሉታል፤ ትርጕሙ በሁለቱም ወገን ከዚሁ ዛፍ የመጣ ነው። ሁለት አገር የተዋጋው በአንድ ዛፍ ስም በተጠራ ሜዳ ላይ መሆኑን የተገነዘበ አንባቢ ብዙ አልነበረም።

ዛፉ ረጅም አይደለም፤ ቁመቱ ከዐሥር ሜትር እምብዛም አይበልጥም። ቅርንጫፎቹ ወደ ታች ተንጠልጥለው እንደ ዘንባባ ጃንጥላ ይሆናሉ። እሾሁ ቀጥ ያለና ረጅም ነው፤ ቅጠሉ ሁለት ሁለት ሆኖ ይወጣል። ድርቅን ይችላል፤ እሳትን ይቋቋማል፤ እንጨቱም እጅግ ጠንካራ ስለ ሆነ ምሣር አይደፍረውም። ገበሬው ጫካ ሲመነጥር ሌላውን ቆርጦ ሂጅሊጁን ትቶት የሚያልፈው ስለዚህ ነው። በሱዳን የቍርዓን ተማሪዎች በጥቁር ቀለም የሚጽፉበት ሉሕ የሚባለው ጣውላ ከዚሁ እንጨት ይሠራል፤ የማረሻና የምሣር እጀታም ይሆናል። በረኃብ ዘመን ቅጠሉና አበባው ተቀቅሎ ይበላል። ፍየልና ግመል ከእሾሁ መካከል እየመረጡ ይቀነጥሱታል።

ፍሬው አራት ክፍል አለው። ከላይ ቅርፊት አለ፤ ቀጥሎ ሙጫ የመሰለ፣ ቡናማ፣ ጣፋጭ ሆኖ ምሬት ያለበት ሥጋ አለ፤ ከዚያ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ፍሬ ሰባሪ ይጠይቃል፤ በመጨረሻ በውስጡ ዘይት የሞላበት አስኳል ይገኛል። የሥጋው ሲሶ ወይም ከዚያ በላይ ስኳር ነው፤ ከአስኳሉም ግማሽ የሚጠጋው ዘይት ነው። ዘይቱ ለምግብ ይሆናል፤ ለቈዳ እከክና ለእንስሳት ቍስልም ይቀባል። ቅርፊተ ግንዱንና ሥሩን ወቅጠው ልብስ የሚያጥቡበት አሉ፤ ውሃው ላይ እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣልና።

የመድኃኒትነቱ ምሥጢር ያለው በዚህ አረፋ ውስጥ ነው። አረፋ የሚያስነሣውን ንጥረ ነገር ሊቃውንት ሳፖኒን ይሉታል። ኢጣልያንኛ የሰማ የአሥመራ ሰው ሳፖኔ የሚለውን የሳሙና ስም ስለሚያውቅ ቃሉ እንግዳ አይሆንበትም። ሳፖኒን በሰው አንጀት ውስጥ በብዛት ወደ ደም አይገባም፤ ነገር ግን አንጀቱን ያነቃቃል፤ ስለዚህም የደረቀ ሆድ ይፈታል። በውሃ ውስጥ ለሚኖሩትና በስንፍላ ለሚተነፍሱት ፍጥረታት ግን መርዝ ነው። የሱዳን ዓሣ አጥማጆች ይህን ከሊቃውንት አስቀድመው ያውቁ ነበር፤ የላሎብ ቅርፊት ወቅጠው በኵሬ ውስጥ በበተኑት ጊዜ ዓሣው ደንዝዞ በውሃው ላይ ይንሳፈፍላቸዋል።

ከዚህ ልማድ ወደ ሕክምና የተሸጋገረውን ፈተና ያደረጉት በካርቱም የዌልካም የምርመራ ላቦራቶሪ አለቃ የነበሩት፣ በኋላ ሰር የተባሉት ዶክተር ሮበርት አርቺባልድ ናቸው። ዘመኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። በ1925 ዓ.ም. የጀዚራ የመስኖ እርሻ ተከፍቶ ነበር፤ ጥጡ ሲበዛ ከቦዩ ጋራ ቢልሃርዚያም በዛ። ይህን በሽታ የሚያመጣውን ትል ቴዎዶር ቢልሃርዝ የተባሉት ጀርመናዊ ሐኪም በ1851 ዓ.ም. በካይሮ አግኝተውት ነበር። ትሉ ግን ሰውን ከመያዙ በፊት በውሃ ውስጥ በሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ አካል ውስጥ ማደግ አለበት። ስለዚህ ቀንድ አውጣውን የገደለ ሰው የበሽታውን መንገድ ቈረጠ ማለት ነው። ዶክተር አርቺባልድ በ1933 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ የላሎብ ፍሬ በውሃ ውስጥ ሲገባ ቀንድ አውጣውንም ከቀንድ አውጣው ወጥቶ ወደ ሰው ቈዳ የሚዋኘውን የትል ጫጩትም እንደሚገድል አስታወቁ። ሐሳባቸው ቀላል ነበር፤ ዛፉ በቦዩና በኵሬው ዳር ቢተከል ፍሬው በየዓመቱ በራሱ እየረገፈ ውሃውን ያጸዳል አሉ። ይህ ሐሳብ እንዲህ በቀላሉ በሥራ ላይ አልዋለም። የመስኖ መሥሪያ ቤቶች መዳብ ነክ መድኃኒት በውሃው ውስጥ ማፍሰስን፣ በኋላም የፋብሪካ መርዝንና የሰውን ሕክምና መረጡ። የላሎቡ ነገር በመጽሔት ገጽ ላይ ቀረ።

ዘመኑ ሠላሳ ዓመት ካለፈ በኋላ በእኛ ደጋ ተመሳሳይ ነገር ተገኘ። በ1964 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ወንዝ ዳር ሲመረምሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተከማችተው አዩ። እንዶድም እንደ ላሎብ ሁሉ ሳፖኒን አለበት። ልዩነቱ ነገሩ በዚያ አለመቆሙ ነው። በዐድዋ ከ1969 እስከ 1974 ዓ.ም. በተደረገው ሥራ እንዶድ በወንዙ ውስጥ እየተጨመረ ሲፈተን፣ በትንንሽ ልጆች ዘንድ የቢልሃርዚያ ሕመምተኛ ቍጥር ከመቶ 50 ወደ 7 ወረደ። ዶክተር አክሊሉ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋራ በ1989 ዓ.ም. በስዊድን አገር የሚሰጠውን ራይት ላይቭሊሁድ የተባለ ሽልማት ተቀበሉ። ላሎብን ከእንዶድ ጋራ አነጻጽሮ የሚያይ ሰው የሚገነዘበው፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን ለመምረጥ ሳይሆን፣ የሣርና የዛፍ መድኃኒት ከልብስ አጣቢዋና ከዓሣ አጥማጁ እጅ ወደ ሐኪሙ ጠረጴዛ የሚደርሰው የሚከታተለው ሰው ሲገኝ ብቻ መሆኑን ነው። ገዳሪፍና አካባቢው ደግሞ ይህን የሚሻ አገር ነው። በ1964 ዓ.ም. በአትባራ ወንዝ የተከፈተው የአዲስ ሐልፋ መስኖ፣ በ1977 ዓ.ም. የተከፈተው የራሀድ መስኖ ሁለቱም በዙሪያው ይገኛሉ፤ ቦይ ባለበትም ቀንድ አውጣ አይጠፋም።

ከሰው ወገን የሚነገረውን እንይ። ሕዝቡ ላሎብን ለሆድ ድርቀት፣ ለሆድ ትል፣ ለወፍ በሽታና በአሁኑ ዘመን ደግሞ ለስኳር በሽታ ይጠቀምበታል። ለሆድ ድርቀት ያለው ጥቅም የሚያከራክር አይደለም፤ ያየ ሁሉ ይመሰክራል። ስለ ትሉ በ2005 ዓ.ም. የሱዳን መርማሪዎች የቢልሃርዚያ ትል ባለባቸው አይጦች ላይ ፍሬውን ከታወቀው የሐኪም መድኃኒት ጋራ አነጻጽረው የትሉና የእንቍላሉ ቍጥር እንደ ቀነሰ አስታውቀዋል። ውጤቱ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን አይጥ አይጥ ነው፤ ሰው ሰው ነው። ስለ ስኳር በሽታም በላቦራቶሪ እንስሳት የታየ መልካም ምልክት አለ፤ ይሁን እንጂ ኢንሱሊኑን ትቶ ላሎብ የሚመጥ ሕመምተኛ ሐኪሙን የማይሰማ ነው። ስለ ወፍ በሽታ የሚነገረው ደግሞ ገና ከወሬ ብዙ አልራቀም፤ ምክንያቱም የወፍ በሽታ የብዙ ሕመሞች ምልክት እንጂ አንድ በሽታ አይደለም።

ስለ ፍሬው አንድ ሌላ ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። ከሳፖኒኑ የሚገኘው ዲዮስጄኒን የሚባል ንጥረ ነገር ለብዙ የፋብሪካ መድኃኒት ሥር ነው። በ1940ዎቹ ዓመታት አሜሪካዊው ራስል ማርከር ይህንኑ ንጥረ ነገር ከሜክሲኮ የዱር ድንች ሥር አውጥተው ወደ ሴት ሆርሞን ለወጡት፤ የወሊድ መከላከያ ክኒን የመጣው ከዚያ መንገድ ነው። በ1980ዎቹ ዓመታት የተባበሩት መንግሥታት የኢንዱስትሪ ልማት ድርጅት የሱዳን ላሎብ እንደዚህ ላለው ሥራ ሊውል እንደሚችል አስጠንቶ ነበር። በየሜዳው የሚረግፈው ፍሬ ያለ ጥቅም እንደሚጠፋ ተጽፏል። ያም ሁሉ ሆኖ ላሎብ እስከ ዛሬ ድረስ በአብዛኛው የጣሳ ንግድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ሂጅሊጅ ብቻውን አይበቅልም። በገዳሪፍ ዋልካ ላይ ጓደኛው ጠልህ የሚባለው ቀይ ግንድ ያለው ግራር ነው። የሱዳን ሴቶች ለጢስ መታጠቢያ የሚያጨሱት እርሱን ነው። የደን ሊቃውንት ይህን ምድር የሚጠሩት በሁለቱ ዛፎች ስም ነው። ካላ አዛር የሚባለውን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብም ከሁሉ አብልጣ የምትኖረው በዚሁ ሁለቱ ዛፎች በሚገኙበት ጥቁር ምድር ላይ ነው። ይህም በመላ ምት የተነገረ አይደለም፤ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓመታት በሱዳን የሠሩ መርማሪዎች ዝንቧን ለይተው አውቀዋታል፤ በ1990ዎቹም በዲንደርና በገዳሪፍ በተደረገው ምርመራ ብዛቷ ከጠልህና ከሂጅሊጅ ደን ጋራ እንደሚሄድ ተረጋግጧል። ቀን ቀን በምድሩ ስንጥቅና በዛፉ ግንድ ላይ ትደበቃለች፤ ሌሊት ትወጣለች። መጠኗ የወባ ትንኝን ሲሶ ያህላል፤ ስትበርም ድምፅ አይሰማላትም።

ካላ አዛር የሚለው ቃል ከሕንድ የመጣ ሲሆን ጥቁር በሽታ ማለት ነው። በሱዳን በመርማሪዎች መጀመሪያ የታወቀው በ1904 ዓ.ም. ነው። በሽታው ሰው ከተነደፈ ከጥቂት ወራት በኋላ ይገለጣል። ትኵሳቱ ሳምንት አልፎ ሳምንት ይመላለሳል፤ ሰውነት ይከሳል፤ ፊት ይገረጣል፤ ጣፊያና ጉበት ያብጣሉ፤ ሆድም ከበሮ ይሆናል። ሳይታከም ከቀረ ከመቶ ሕመምተኛ ከዘጠና አምስት በላይ ይሞታል።

አንባቢው አሁን ችግሩን ሳይረዳው አይቀርም። ከጎንደር ወይም ከትግራይ ደጋ ወርዶ የሰሊጥ አረም ያረመ ወጣት የሚያድረው በዛፍ ሥር ነው፤ ቤት የለውም፤ አጎበርም አልያዘም። ሥራው አልቆ ሲመለስ ወይም በሥራው መካከል ሆዱ ይነፋል። ጓደኞቹ ሆድህ ደርቋል ወይም ትል ይዞሃል ይሉታል፤ ለሆድ ደግሞ የታወቀው መድኃኒት ከራሱ በላይ ተንጠልጥሏል። ይዘፈዝፍና ይጠጣል። ያስቀምጠዋል። ሁለት ቀን የቀለለው ይመስለዋል። ትኵሳቱ ሲመለስ በሌላ ጣሳ ይደግማል። አንዳንዱም ወደ ባህል ሐኪም ሄዶ በጣፊያው ላይ በጋለ ብረት ይተኰሳል፤ ሐኪም ቤት የሚደርሱት ብዙዎቹ ሆዳቸው ላይ የመተኰስ ጠባሳ አለባቸው። ጣፊያ ግን ከአንጀት ውጭ ያለ አካል ነው፤ አንጀትን በማጠብ አይጐድልም፤ ቈዳን በመተኰስም አይወርድም። ደሙ ባለቀ ሰው ላይ ማስቀመጡ የቀረውን ኃይል ይወስዳል እንጂ በሽታውን አይነካውም። በዚህ መካከል የሚባክነው ጊዜ መድኃኒት ከመጠጣቱ የከፋ ነው።

ታሪኩ የሚናገረው ይህንኑ ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት ካላ አዛር በሑመራ ሰሊጥ እርሻ ላይ ከደጋ በወረዱት ሠራተኞች መካከል ተነሥቶ ብዙ ሰው ፈጅቷል። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ቈላ በማይባለው በሊቦ ከምከም ወረዳ ተነሣ። መጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተብሎ ነበር፤ በምርመራ ካላ አዛር መሆኑ ታወቀ። ወደ ሑመራ ወርደው የተመለሱ ሠራተኞች ይዘውት እንደ መጡ ይታመናል። በአዲስ ዘመን ከተማ በሁለት ዓመት ያህል ከሁለት ሺሕ በላይ ሕመምተኞች ታክመዋል። ወባም ሆነ ሆድ ድርቀት ተብሎ የተተወ ካላ አዛር በዚያው በቤቱ ይቀበራል፤ የተመረመረ ግን ይድናል። ምርመራው ከጣት በተወሰደ ጥቂት ደም በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። ሕክምናውም ቀድሞ ሠላሳ ቀን መርፌ ይፈልግ ነበር፤ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ የዓለም ጤና ድርጅት ባጸደቀው መሠረት ሁለት መድኃኒት በአንድነት እየተሰጠ በዐሥራ ሰባት ቀን እንዲፈጸም ሆኗል። በገዳሪፍ ግዛት በተባረክ አላህ ሆስፒታል ድንበር የለሽ ሐኪሞች የሚባለው ማኅበር ለዓመታት ሲያክም ቆይቷል፤ በእኛ በኩልም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልና የአብዱራፊው ጣቢያ በዚሁ ሥራ የታወቁ ናቸው።

ታዲያ ላሎብ መቼ ነው የሚጠጣው? ትኵሳት የሌለበት፣ ክሳት የሌለበት፣ ከቀናት በላይ ያልቈየ ሆድ ድርቀት ሲሆን አያቶቻችን እንዳደረጉት ቢጠጣ ነውር የለበትም። ትኵሳቱ ሁለት ሳምንት የሞላ እንደ ሆነ ግን፣ በተለይም ሕመምተኛው ባለፈው ዓመት የሰሊጥ አገር ወርዶ ያደረ ከሆነ፣ ላሎቡ ይቀመጥና ደሙ ይታይ። ተቅማጥ ላለበት ሰው ደግሞ ፈጽሞ አይሰጥም። ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በመስከረም 2023 ዓ.ም. በገዳሪፍ የኮሌራ በሽታ መነሣቱ በይፋ ተነግሯል። በዚያው ዓመት ሚያዝያ በተጀመረው ጦርነት ምክንያት ከካርቱምና ከሌላውም አገር የሸሸ ሕዝብ በከተማው ተጨናንቆ ነበር። ሐኪም ቤት ሲጣበብ ሰው ወደ ገበያ መድኃኒት መመለሱ የተለመደ ነው።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ እንግዲያው ዛፉ ይቈረጥ ይል ይሆናል። ይህ አስተያየት ትክክል አይመስለኝም። ዛፉ ያለ ማንም ምክር ሲመናመን ኖሯል። በ1944 ዓ.ም. እንግሊዞች በምሥራቅ አፍሪቃ ለነበረው ሠራዊታቸው ማሽላ ፈልገው በገደምበሊያ በትራክተር ማረስ ጀመሩ። ከ1968 ዓ.ም. በኋላ የመንግሥት የሜካናይዝድ እርሻ ኮርፖሬሽን ተቋቁሞ ሜዳው በካሬ በካሬ ለባለ ሀብት ታደለ። በ1989 ዓ.ም. የወጣው የደን ሕግ ከዝናብ እርሻው ከመቶ ዐሥሩ በዛፍ እንዲሸፈን ያዝዛል፤ ሕጉን የጠበቀ ባለ እርሻ ግን ጥቂት ነው። በዚህ ሁሉ ምንጠራ በሽታው ከአትባራና ከራሀድ ዳር መንደሮች አልጠፋም፤ ዛፉ የቀረው በመንደሩና በወንዙ ዳር ስለ ሆነ ሰውና ዝንብ ይበልጡን ተጐራበቱ። ዛፉ በሽታ አይሰጥም፤ ዝንቧ በምትኖርበት ምድር ላይ መብቀሉ ብቻ ነው። ፍሬውን የለቀሙ ሴቶች ደግሞ ከሽያጩ የሚያገኙት ሣንቲም በዓመቱ ለልጆቻቸው ልብስ የሚሆን ነው።

ከመቍረጥ የሚሻል ነገር ተፈትኗል። ከ1999 እስከ 2001 ዓ.ም. ድንበር የለሽ ሐኪሞች በምሥራቅ ሱዳን በ155 መንደሮች ከ350,000 በላይ የተነከሩ አጎበሮች አደሉ፤ ከእደላው በኋላ ከዓመት ከመንፈቅ አካባቢ የበሽተኛው ቍጥር ሊደርስ ከሚችለው ከመቶ 59 እጅ ቀንሶ ተገኘ። በሥራው ላይ የታየው ችግር የአጎበሩ ማነስ ሳይሆን የመሰቀያው ወራትና ሰዓት ነበር። ሰው አጎበሩን የሚሰቅለው የወባ ትንኝ ስትጮህበት፣ በክረምት ነው፤ የአሸዋ ዝንብ ግን ከመጋቢት መጨረሻ ጀምሮ ዝናቡ እስኪጠና ድረስ ትበዛለች። በዚያን ጊዜ ሙቀቱ ስለሚያስጨንቅ ቤተ ሰቡ አልጋውን ወደ ውጭ አውጥቶ እስከ ሌሊት አጋማሽ ያለ አጎበር ያወራል፤ ልጆችም ከፀሐይ ግባት ጀምሮ በመሬት ላይ ይተኛሉ። የአጎበሩ ዐይንም ጠባብ መሆን አለበት፤ ያልተነከረና ለወባ ትንኝ የተሠራ ሰፊ ዐይን ያለው አጎበር የአሸዋ ዝንብን ያሳልፋታል። ወደ ሰሊጡ አገር የሚወርድ ሠራተኛ ከማጭዱና ከስንቁ ጋራ ጠባብ ዐይን ያለው አጎበር ይዞ፣ አመሻሹ ላይ ሳይሆን ፀሐይ ሳትጠልቅ ይስቀለው።